ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል እንዴት ይሠራል? ሐዋሳን ይዘን ስናስበው

ሐዋሳ እንግዳ መቀበል የለመደች ከተማ ናት። ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ ምረቃው፣ ሠርጉና የሩጫ ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥባትም። በዚህም ምክንያት «እዚህ ከተማ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ቢካሄድስ?» የሚል ሐሳብ ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ አዳራሽ ስፋት፣ ወደ አልጋ ብዛት፣ ወደ ቀይ ምንጣፍና ወደ ታዋቂ ተዋንያን ያመራል። እነዚህ ጉዳዮች ተገቢ ቢሆኑም ደህና ሆቴሎች ያሉት ከተማ ሁሉ ሊያሟላቸው የሚችላቸው ናቸው። ፌስቲቫልን የሚያስከብረው ፊልሞቹን የመረጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ በምን መስፈርት እንደመረጡና በምርጫቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ አለመግባቱ ነው። ፊልም ሠሪው ሥራውን የሚልከው፣ እንግዳው ከሩቅ አገር የሚመጣው፣ ተመልካቹም ስሙን ሰምቶት ለማያውቀው ፊልም ትኬት የሚቆርጠው በዚያ ምርጫ ላይ እምነት ሲያድርበት ነው። ይህ ማብራሪያ ያንን እምነት የሚገነባው ሥራ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉና የውጭ አገር ክንውኖች ወራት እንደ አውሮፓውያን፣ የሐዋሳ ወራት ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የፊልም ሽልማት ምሽት ሕዝብ ቀደም ሲል ያያቸውን ፊልሞች አወዳድሮ የሚያከብር ዝግጅት ነው፤ በዚያ ምሽት ዋንጫ ይሰጣል እንጂ ፊልም አይታይም። አንድ ኤምባሲ ወይም የባህል ማዕከል የሚያዘጋጀው የፊልም ሳምንት ደግሞ የዚያን አገር ፊልሞች ለማስተዋወቅ የሚደረግ ሲሆን መራጩም አስተዋዋቂው ራሱ ነው። ፌስቲቫል ከሁለቱም ይለያል። ከብዙ አገሮች የመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሲኒማ ቤትም ሆነ በቴሌቪዥን ገና ያልታዩ ፊልሞችን ተቀብሎ ይመርጣል፤ የተመረጡትን በተከታታይ ቀናት ሠሪዎቻቸው ባሉበት ለሕዝብ ያሳያል፤ ከዚያም ራሱን የቻለ የዳኞች ቡድን ይሸልማል። «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ስም ለመጠቀም የሚከለክል ሕግ የለም። በ1933 የተመሠረተው የፊልም አምራቾች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ለተወሰኑ ፌስቲቫሎች ዕውቅና ይሰጣል፤ ሆኖም ያለ እርሱ ዕውቅና የሚከበሩ ፌስቲቫሎች በርካታ ናቸው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ከ2007 ጀምሮ በዘጋቢ ፊልሞች ላይ ያተኮረ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ሲካሄድ ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም።

የምርጫ ነጻነት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የዚህን ዝግጅት አነሳስ ማየት ይበቃል። በዓለም አንጋፋው የሆነው የቬኒስ ፌስቲቫል በ1932 በሊዶ ደሴት፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሰገነት ላይ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት ዋናዎቹን ዋንጫዎች በሙሶሊኒ ስም ሰየማቸው። በ1938 ከፍተኛዎቹ ሽልማቶች የተሰጡት የበርሊንን ኦሊምፒክ ላሳየው የጀርመን ፊልምና በሙሶሊኒ ልጅ የበላይ ተቆጣጣሪነት ለተሠራ የጣሊያን ፊልም ነበር። ይህ የጣሊያን ፊልም የኢትዮጵያን ወረራ የጣሊያን አብራሪዎች ጀግንነት አድርጎ የሚያቀርብ እንደነበር ለእኛ አገር አንባቢ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የአገራችን ሕዝብ በግፍ አገዛዝ ሥር በነበረበት ዓመት ያንን ግፍ የሚያሞግስ ሥራ ዋንጫ ተሸለመ። በውሳኔው የተቆጡት ፈረንሳዮች የራሳቸውን ፌስቲቫል በካን ከተማ ለማዘጋጀት ተነሡ፤ ለመክፈቻው የተቆረጠው ቀን ግን ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት መስከረም 1 ቀን 1939 ሆነና ዝግጅቱ ተቋረጠ። የመጀመሪያው የካን ፌስቲቫል በሙሉ መልኩ የተካሄደው ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ነው። ዛሬ በዓለም ትልቁ የሚባለው የፊልም ፌስቲቫል የተወለደው፣ እንግዲህ፣ መንግሥት በዳኞች ሥራ ጣልቃ በመግባቱ ከተፈጠረ ቁጣ ነው።

የምርጫው ሥራ ራሱ በተግባር እንዲህ ይከናወናል። ፌስቲቫሉ ደንቡን ጽፎ የተሳትፎ ጥሪ ያወጣል፤ ፊልም ሠሪዎች በአብዛኛው እንደ ፊልምፍሪዌይ ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች አማካይነት ሥራቸውን ይልካሉ። ብዙ ፌስቲቫሎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ። የሚመጣው ብዛት እንደ ፌስቲቫሉ ስም ይለያያል፤ በአሜሪካ የሚካሄደው ሰንዳንስ ለ2025 ዝግጅቱ ከ15 ሺህ በላይ ሥራዎች ቀርበውለታል። ለአዲስ ፌስቲቫል 500 ፊልሞች ብቻ መጡ እንበል፤ ርዝመታቸውም በአማካይ 30 ደቂቃ ይሁን። እነዚህን አንድ ጊዜ ማየት 250 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ፊልም በአንድ ሰው ስሜት ብቻ እንዳይወድቅ ቢያንስ ሁለት ሰው ሊያየው ስለሚገባ ድምሩ 500 ሰዓት ይሆናል፤ ዓይንና አእምሮ ሳይዝል በቀን ከአራት ሰዓት በላይ በትኩረት ማየት አስቸጋሪ በመሆኑ ይህ የአንድ ሰው የ125 ቀን ሥራ ነው። አዘጋጆች በጀት ሲይዙ በአብዛኛው የሚዘነጉት ይህንን ነው። ለመድረክ ማስዋቢያና ለእራት ግብዣ ገንዘብ ይመደባል፤ ፊልም ለሚያዩት ሰዎች ግን «በፍቅር ይሥሩት» ይባላል፤ ከዚያም ፊልሞቹ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ብቻ እየታዩ ይጣላሉ።

ከተመረጡት ፊልሞች ጋር የሚነሣው ሌላ ጉዳይ ፕሪሚየር፣ ማለትም የመጀመሪያ ማሳያ፣ ነው። አንድ ፊልም በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከተሠራበት አገር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአንድ አህጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ወይም በአንድ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ እንደ ካንና ቬኒስ ያሉት ለዋናው ውድድራቸው ከፍ ያለውን ደረጃ ይጠይቃሉ። አንድ ፊልም የዓለም ፕሪሚየሩን የሚያደርገው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ፕሮዲዩሰሮች ይህንን ዕድል በጥንቃቄ ይጠብቁታል። አዲስ ፌስቲቫል በዚህ ረገድ ከትልልቆቹ ጋር መፎካከሩ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። በእኔ እምነት ሐዋሳ ልትጠይቅ የሚገባት ከውጭ የሚመጡት ፊልሞች በኢትዮጵያ ያልታዩ እንዲሆኑ ብቻ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ፊልሞችማ እርሱም ሊቀር ይገባል፤ ምክንያቱም በውጭ አገር ተጨብጭቦላቸው ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞች ግን አንድም ቀን በአግባቡ ያልታዩ የአገራችን ሥራዎች አሉ።

የአንድን ፊልም ጉዞ መከተል ፌስቲቫል ለሥራው የሚያበረክተውን ነገር ግልጽ ያደርገዋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ቀርቦ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ፤ በዚያው ዓመት በቱኒዚያ በካርቴጅ ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ታኒትን፣ ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ከፍተኛ ክብር የሆነውን የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ ተሸለመ። የአንዱ ከተማ ምርጫ ለሌላው ከተማ መራጮች ምልክት ይሆናል፤ ጋዜጠኞች ይጽፋሉ፤ አከፋፋዮች ይጠይቃሉ፤ ፊልሙም ብዙ የማስታወቂያ ገንዘብ ሳይወጣበት ከአህጉር አህጉር ይሻገራል። በ2014 «ድፍረት» በሰንዳንስ፣ ቀጥሎም በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ማግኘቱና በ2015 የያሬድ ዘለቀ ፊልም በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሥራ መሆኑ በዚሁ መንገድ የተገኙ ውጤቶች ናቸው። ሐዋሳ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቀለበት ለመሆን የምትችለው የመረጠችው ፊልም ሌላ ቦታ ሲላክ «በሐዋሳ የተመረጠ» የሚለው ቃል ለተቀባዩ ትርጉም ሲሰጠው ነው።

እዚህ ላይ ለወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በኢንተርኔት በየወሩ «ዓለም አቀፍ ውድድር» እያሉ ክፍያ የሚሰበስቡ፣ ለከፈለ ሁሉ የአሸናፊነት ምልክት የሚልኩ፣ ግን አንድም ፊልም በአዳራሽ የማያሳዩ ድርጅቶች ሞልተዋል። የአንድ ፌስቲቫል እውነተኛነት የሚታወቀው ባለፈው ዓመት የት አዳራሽ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኞቹን ፊልሞች እንዳሳየ በዝርዝር ማቅረብ ሲችልና የዳኞቹ ስም በይፋ ሲወጣ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ቦታ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ ክፍል እንግባ፤ ፌስቲቫል የሚዋረደውም የሚከበረውም እዚያ ነውና። ዛሬ ለሲኒማ ቤት የሚዘጋጅ ፊልም ዲሲፒ በሚባል ጥቅል ይመጣል። በውስጡ ምስሉ፣ ድምፁና የትርጉም ጽሑፉ በየፋይላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ምስሉም እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የተጨመቀ ፎቶ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍ የ90 ደቂቃ ፊልም 129,600 ፎቶዎች ይይዛል ማለት ነው። የጥቅሉ መጠን ብዙ ጊዜ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፤ 150 ጊጋባይት የሆነውን በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያወርድና ፈጽሞ በማይቆራረጥ መስመር ለማውረድ 17 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሃያ እንዲህ ዓይነት ፊልሞችን በመጨረሻው ሳምንት አወርዳለሁ ያለ አዘጋጅ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። በሃርድ ዲስክ የሚላኩትም ቢሆኑ በጉምሩክ በኩል የሚያልፉ በመሆናቸው ደብዳቤያቸው ቀድሞ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ የተቆለፈ ነው። የፊልሙ ባለቤት ቁልፉን ለብቻው በኢሜይል ይልካል፤ ቁልፉም የሚሠራው በስም ለተጠቀሰው አንድ የማጫወቻ ማሽን፣ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር የሚያስከትለው ችግር በተለይ እዚህ ላይ ይታያል። የፌስቲቫሉ ሠራተኛ «ፊልሙ የሚታየው ምሽት 2 ሰዓት ነው» ብሎ ከጻፈና ቁልፍ አዘጋጁ ይህንን እንደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከተረዳው፣ አዳራሹ ሞልቶ ማሽኑ ፊልሙን ለመክፈት እምቢ ይላል። ትክክለኛው አጻጻፍ 20:00 ሆኖ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሦስት ሰዓት እንደምንቀድም መጨመር ነው። ለሕዝብ የሚታተመው መርሐ ግብርም ለአገር ሰው በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ለእንግዳ ደግሞ በለመደው ሰዓት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊጻፉበት ይገባል።

የተሟላ የዲሲፒ ማሽን ውድ ስለሆነ ብዙ ትንንሽ ፌስቲቫሎች ከፍተኛ ጥራት ባለው ፋይል ከኮምፒውተር ያጫውታሉ፤ ለባለቤቱ አስቀድሞ እስከተነገረው ድረስ ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ከማሽኑ በላይ የሚያሳስበው አዳራሹ ነው። ለስብሰባ የተሠሩ አዳራሾቻችን ወለላቸው ሜዳ፣ ግድግዳቸው ጠንካራና ድምፅ የሚመልስ ነው፤ ድምፅ ማጉያዎቻቸውም ግራና ቀኝ ብቻ ይቀመጣሉ። የሲኒማ ድምፅ ሲዘጋጅ ግን የተዋንያን ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ መሐል ከሚቀመጠው ማጉያ ነው፤ መሐሉ ባዶ ከሆነና ድምፁ በትክክል ካልተቀላቀለ ሙዚቃው ጎልቶ ንግግሩ ይጠፋል። ወለሉ ሜዳ ከሆነ ደግሞ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት የስክሪኑን ታች፣ ማለትም የትርጉም ጽሑፉን፣ ለኋለኛው ይሸፍንበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ በግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ይንጠልጠል፤ እያንዳንዱ ፊልም ከመታየቱ በፊት ባለው ቀን አንድ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁንና ጽሑፉን ይሞክር። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪም የግድ ነው፤ ድንገት የጠፋ የማጫወቻ ማሽን እንደገና ተነሥቶ እስኪዘጋጅ ተመልካቹ ይበተናል።

የትርጉም ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የትርጉም መስመሮች ሊኖሩት ይችላል። ሐዋሳ ውስጥ ፊልም ለሕዝብ ይታያል ከተባለ የውጭ ፊልሞች በአማርኛና በሲዳሙ አፎ፣ የአገር ውስጦቹ ደግሞ ለእንግዶች በእንግሊዝኛ ሊተረጎሙ ይገባል። የግዕዝ ፊደል በጽሑፉ ፋይል ውስጥ አብሮ ካልተካተተ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይወጣሉ። በፊልሙ ላይ ጽሑፍ መጨመር በማይፈቀድበት ጊዜ ብዙ ፌስቲቫሎች ከስክሪኑ በታች ሌላ ጠባብ ሰሌዳ ዘርግተው ትርጉሙን በሌላ ፕሮጀክተር ያሳያሉ፤ አንድ ሰው ንግግሩን እየሰማ መስመር በመስመር ይለውጠዋል። ለዚህ ሥራ ቋንቋ የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሁለት ወር በፊት ቢሠለጥኑ ፌስቲቫሉ ተርጓሚ ያገኛል፤ እነርሱም በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ሙያ ይጨብጣሉ።

ዳኝነትን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፦ የዳኞች ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ ሦስት ወይም አምስት፤ ከተወዳዳሪ ፊልም ጋር የሥራም ሆነ የዝምድና ግንኙነት ያለው አይቀመጥ፤ ስፖንሰርና ባለሥልጣን በስብሰባቸው አይገኝ። የተመልካቾች ሽልማትም ሊናቅ አይገባም። በ1976 የተመሠረተው የቶሮንቶ ፌስቲቫል ትልቁ ሽልማቱ በሕዝብ ድምፅ የሚሰጠው ነው። እያንዳንዱ ተመልካች ሲወጣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ በሣጥን ይጨምራል እንበል፤ አሸናፊው መታወቅ ያለበት በአማካይ ውጤት ነው፤ በወረቀት ብዛት ከሆነ ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፈው በትልቁ አዳራሽ የታየው ፊልም ይሆናል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከከተማው፣ ከክልሉ፣ ከስፖንሰሮች፣ የየአገራቸውን ፊልም ሠሪ የአውሮፕላን ትኬት ከሚሸፍኑ ኤምባሲዎችና የባህል ማዕከላት፣ ጥቂቱም ከመግቢያ ሽያጭ ነው። ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ አልጋ ይሰጣሉ፤ ይህ ትልቅ እርዳታ ቢሆንም ከውድድር ውጪ ለሚታዩ ፊልሞች የሚከፈለውንና በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ የሚደርሰውን የማሳያ ክፍያ አልጋ አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪው ቀደም ብሎ ካልታሰበበት በመጨረሻው ሰዓት ያስጨንቃል። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ የገንዘብ ሽልማት ማወጅም አልመክርም፤ ዘግይቶ የተከፈለ ሽልማት ወሬው በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይፈጥናል።

ትንሽ ከተማ ይህንን መሸከም ትችላለች ወይ ለሚለው ጥያቄ ዓለም ግልጽ መልስ አለው። የስዊዘርላንዷ ሎካርኖ 16 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ስትሆን ከ1946 ጀምሮ ፌስቲቫል ታካሂዳለች፤ በዋናው አደባባይዋ 26 ሜትር በ14 ሜትር የሆነ ስክሪን ተተክሎ እስከ 8,000 ሰው በአንድ ምሽት ይመለከታል። የቡርኪና ፋሶዋ ዋጋዱጉ ከ1969 አንሥቶ የአፍሪካን ፊልም የምትሰበስብ ሲሆን ዛሬ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፤ አገሪቱ ሀብታም ሆና አይደለም፤ መንግሥት ከሥር ከሥር ተቋም አድርጎ ስላቆመውና የከተማው ሕዝብ በሞተር ሳይክሉ እየመጣ አዳራሹን ስለሚሞላው እንጂ። በተቃራኒው ከ1981 ጀምሮ ሰንዳንስን ስታስተናግድ የኖረችው ፓርክ ሲቲ ፌስቲቫሉን አጥታዋለች፤ በ2025 እንደተገለጸው ዝግጅቱ ከ2027 ጀምሮ ወደ ኮሎራዶዋ ቦልደር ይሄዳል። ዝግጅቱ ትንሿን ከተማ አልፏት ማደጉ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ የኮሎራዶ ግዛትም እስከ 34 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የታክስ ማበረታቻ በሕግ አጽድቃለች። ፌስቲቫል በሚካሄድበት ሳምንት የአልጋ ዋጋ በእጥፍ የሚጨምርባት ከተማ ይህን ታሪክ ልብ ልትለው ይገባል።

ሐዋሳ ከሌሎች የምትለይበት የራሷ ጥቅም አላት። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ከወር ወር ሳይለይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በቂ ጨለማ ይሆናል፤ ሎካርኖ ግን በነሐሴ የአደባባይ ፊልሟን ለመጀመር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ መጠበቅ አለባት። በሐይቁ ዳር፣ ለምሳሌ በጉዱማሌ አካባቢ፣ ፊልምን በነጻ ለሕዝብ ማሳየት ከተማው ፌስቲቫሉን የራሱ አድርጎ እንዲያየው ያደርጋል። ለዚህም ጥንቃቄ አለው፤ 50 ካሬ ሜትር ስክሪን ከሐይቁ የሚነሣውን ነፋስ እንደ ሸራ ስለሚይዝ መወጠሪያው በመሐንዲስ ሊታይ ይገባል፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን የሐይቁን ነፍሳት ስለሚስብ ማሽኑ ከመስታወት ጀርባ መቀመጥ አለበት። ውድድሩ ግን በአዳራሽ፣ ለምሳሌ በሲዳማ ባህል አዳራሽ፣ ቢካሄድ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከቤት ውጪ ድምፅን እኩል ለሁሉም ማዳረስ ያዳግታል፤ የአንዱ ፊልም ዳኝነትም በነፋስና በዝናብ ሊበላሽ አይገባም።

ቀን መቁረጥ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። በርሊን በ1951 ሲጀመር የበጋ ፌስቲቫል ነበር፤ ከካን ጋር መጋፋቱ ስለጎዳው በ1978 ወደ የካቲት ተዛወረ። ለሐዋሳ የክረምቱ ወራት በዝናቡ ምክንያት አይሆኑም። በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ቀኑ አያንቶ በሚባሉ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች የከዋክብት ንባብ ስለሚወሰን ከእርሱ ጋር እንዳይጋጭ ሽማግሌዎችን ማማከር ያስፈልጋል። በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ከተማው ውስጥ አልጋ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ትምህርት ገና የሚደላደልባቸው ናቸው። ሁሉን ሳመዛዝነው የኅዳር የመጀመሪያው አጋማሽ የተሻለ ይመስለኛል፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጾመ ነቢያት ገና አልገባም፣ ተማሪዎችም በከተማው አሉ። በዚያው ሰሞን ካይሮ ፌስቲቫሏን ስለምታካሂድ ከአዘጋጆቿ ጋር ቀድሞ መነጋገር አንድን እንግዳ በአንድ ጉዞ ለሁለቱም ለማምጣት ዕድል ይሰጣል።

ከኅዳር ወደ ኋላ ስንቆጥር ጥሪው በጥር መውጣት፣ በሰኔ መዘጋት፣ ምርጫው በነሐሴ መጠናቀቅ፣ የግብዣና የቪዛ ደብዳቤዎች በመስከረም መላክ፣ ፋይሎቹ በጥቅምት አጋማሽ ተሞክረው ማለቅ ይኖርባቸዋል። ይህም ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያሉት ቢሮ ይጠይቃል፦ አንዱ ለምርጫው፣ አንዱ ለፋይልና ለማሳያ መሣሪያ፣ አንዱ ለእንግዳና ለገንዘብ። በኮሚቴ ተጀምረው በሦስተኛው ዓመት የሚጠፉ ዝግጅቶች የሚጠፉት በአብዛኛው ይህ ቢሮ ስለማይኖራቸው ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አራት ቀንና ሃያ ፊልም በቂ ነው፤ ሃያውን በትክክለኛ ድምፅና በሰዓቱ ማሳየት መቶውን በተዘበራረቀ መርሐ ግብር ከማሳየት እጅግ ይበልጣል።

ፌስቲቫሉ በተዘጋ ማግስት ያለው ሳምንት ደግሞ ለፊልም ሠሪው ከመክፈቻው ይበልጥበታል። ሽልማቱ በደንቡ በተጻፈው ቀንና በተጻፈው ምንዛሪ ይከፈላል፤ ሃርድ ዲስኮቹ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ የቅጂ ስርቆት የፊልም ሠሪዎቻችን ትልቁ ስጋት በመሆኑም በፌስቲቫሉ ኮምፒውተሮች ላይ የቀሩት ቅጂዎች ሁሉ ተሰርዘው መሰረዛቸው በፊርማ ይረጋገጣል፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ፊልሙ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደተመለከተውና የተመልካቾች አማካይ ውጤት ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላካል። ይህ ሁሉ በታኅሣሥ ተጠናቅቆ የሚቀጥለው ዓመት ጥሪ በጥር ይወጣል።